ያረጀ ጅማት፣ ያላረጀች ጅማ

ጉልበቴን አመመኝ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካላላችሁ አትበሉ። በተለይ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ቆማችሁ እንዳትሉ። ቅመም ሻጩ «ብርድ ነው» ይላችኋል፣ የባጃጁ ሾፌር «ሪህ ነው» ይላል፣ የማታውቁት መንገደኛ ደግሞ ቆም ብሎ የአክስቱን ጉልበት ታሪክ ከነመጨረሻው ይተርክላችኋል። አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። «ቡና ቀንስ» የሚል ሐኪም ብቻ ጅማ ውስጥ እስካሁን አልገጠመኝም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሐጂ ሙዘይን ይህን ሁሉ ሕክምና ጨርሰውታል። ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ ሊሙ ገነት ያሉት እህታቸው የላኩትንም ቅባት ተቀብተዋል። ቀኝ ጉልበታቸው ግን እስከ ግማሽ ይታጠፍና እምቢ ይላል። የስፌት መኪናውን ፔዳል እንደምንም ችለውት ነበር። ያልቻሉት ሱጁዱን ነው። ግንባራቸውን መሬት አስነክተው መስገድ ካቃታቸው ወዲህ መስጊድ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተሰጥቷቸዋል።

«ሸሪዓው ይፈቅዳል፣ መምህር» አሉኝ አንድ ቀን ቁልፍ እየተከሉ፤ «ግንባሬ ነው ያልፈቀደው።»

አንጀቴን በሉት። በማግስቱ ክፍል እንደጨረስኩ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ከጎንደር የመጣች ወጣት ናት። ኤምአርአዩን ኮምፒውተሩ ላይ ደጋግማ አየችና፣ «ሐጂ፣ ጅማትዎ አርጅቷል» አለቻቸው።

የሐጂ ጆሮ ደግሞ ሲያሻው ብቻ ነው የሚሰማው።

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ? ጅማ አረጀች? ወላሂ ጅማ አላረጀችም! መንገዱ ነው እንጂ የተበላሸው!»

ሐኪሟ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው። «ጅማት ነው ሐጂ፣ መጨረሻው ላይ ‹ት› አለችበት!» ብዬ በጆሯቸው ጮህኩ።

እሷ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ጉልበት ውስጥ አጥንትን ካጥንት የሚያስተሳስረው ጅማት አልተበጠሰም፤ ነገር ግን ውስጡ እያረጀ አብጦ ቦታውን አጣቧል፣ ጉልበቱ እንዳይታጠፍ የከለከለውም እሱ ነው። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብታ ያበጠውን ትቀንስላቸዋለች። ብዙ ከቀነሰች ጉልበቱ ሊከዳቸው ይችላል፣ ጥቂት ከቀነሰች ደግሞ ሕመሙ እንዳለ ይቀራል።

«መሬት እንደሚነኩ ቃል አልገባም» አለች።

ሐጂም መለሱላት፤ «እኔም መቀስ ሳነሳ ቃል አልገባም። ቢስሚላህ በይና ቁረጪ።»

ቆረጠች። ከዚያ ክራንቹ መጣ፣ ከዚያ ሐጂን ከሕመሙ ይልቅ ያማረራቸው የጉልበት ስፖርት። ባለፈው ሰሞን ሐኪሟ «አሁን ቀስ ብለው ይሞክሩት» አለቻቸው፤ እኔም ሱቃቸው ተቀምጬ ሳለሁ የከሰዓቱ የአስር ሰላት ደረሰ። ወንበሩን ወዲያ ገፍተው ምንጣፋቸውን አነጠፉ። ወረዱ። ግንባራቸው መሬት ነካ!

ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ቆዩ። አሁንም ቆዩ። ጉልበቱ ተቆልፎባቸው ይሆን? ደንግጬ ከአግዳሚው ብድግ ስል የገዛ ጉልበቴ ቀጭ አለና መልሶ አስቀመጠኝ።

ሐጂ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሰላታቸውን ጨርሰው፣ በቀኝም በግራም አሰላምተው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«ምነው እንዲህ ቆዩ ሐጂ? አስደነገጡኝ እኮ።»

«ናፍቆኝ ነዋ» አሉ። ከዚያ ጉልበቴን ትክ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰምቻለሁ፣ መምህር። ያንተም ጅማ አርጅታለች።»