ሞጣ ላይ ሰላምታ የነፈግንበት ጠዋት

ዕፅዋት አጠናለሁ የሚል ሰው ጤነኛ ሰው አያጋጥመውም። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሥራዬን ከጠየቀኝ፣ እስክወርድ ድረስ የሚያወራኝ ስለ ጉልበቱ ነው። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት ገና ሳንቀመጥ ስለ ሆዳቸው ድርቀት አጫውተውኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ተክል ቆርጬ፣ በጋዜጣ መሃል አድርቄ፣ ዘሩንና ስሙን የምለይ ሰው ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? «እሱስ ነው፤ ለጨጓራ ግን የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል።

እናቴም ሥራዬን ወዳው አታውቅም። ቢቸና ውስጥ ልጅሽ ምን ተማረ ብለው ሲጠይቋት መልሷ «ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው» ነበር። ከዚያ በላይ አትሄድም። ምን ታድርግ? በእኛ አገር ቅጠል የሚበጥስና ሥር የሚምስ ሰው ቀን ያክማል፣ ማታ ይደግማል እየተባለ ይታማል። «ሥር ማሽ እንዳትሆንብኝ ብዬ አስተማርኩህ፤ አንተ ደመወዝ እየበላህ ሥር ማስክ» ትለኝና ትስቃለች። ሳቋ ይናፍቀኛል። በቀጥታ ብናገረው ምን አለበት? ይናፍቀኛል።

ደግሞ እኮ የሰፈሩን ምች የምታክመው እሷው ነበረች። ፀሐይ ላይ ውሎ ያተኮሰው፣ ከንፈሩ የቆሰለ፣ ራሱን የሚፈልጠው ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። እንደማንኛውም እናት ዳማከሴ ታሻለች። እዚያ ላይ ግን አንድ ሌላ ቅጠል ትጨምራለች። ስሙን ስጠይቃት አትነግረኝም፤ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል ባይ ናት። «ያንን አምጣልኝ» ትለኛለች፤ ጓዳ ገብቼ ያንን አመጣላታለሁ። ግንባሬን ስታሸኝ የሚመጣው ሽታ ሎሚ አለበት፣ ዝናብ የነካው አፈር አለበት፣ ሌላም እስከ ዛሬ ስም ያላወጣሁለት ነገር አለበት።

ካረፈች በኋላ ያን ሽታ ፍለጋ ያልነካካሁት ቅጠል የለም። ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ሁሉንም አሸሁ። ቢሮ ውስጥ ጣቴን እያሸተትኩ ስዞር የሚያዩኝ ባልደረቦቼ ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ ይሉኛል። ለአለቃዬ የነገርኩት ሌላ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለምች የሚውል፣ ገና ያልለየነው ተክል አለ፣ ናሙና ላምጣና ይመርመር አልኩት። ውሸት አይደለም። ዋናው ግን እናቴን አንዴ እንደገና ማሽተት ፈልጌ ነበር።

ቅጠሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶኛል፤ ሞጣ ያሉት ታላቅ እህቷ፣ እትዬ ስመኝ። እናቴ ስታርፍ የሞጣው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ቢቸና መጥተው አልቀበሯትም። መርዶውን በስልክ ሰሙ። ያን ሰሞን ሞጣም ሰው ከቤቱ አይወጣም ነበርና ለቅሶ የተቀመጠላቸው የለም። ይህን አንድ ጊዜ ነግረውኝ ሁለተኛ አላነሱትም።

መንገዱ ሲከፈት በደብረ ወርቅ በኩል አድርጌ ሞጣ ገባሁ። ቅጠሉን ያሳዩኝ ስላቸው እሺ አሉ፤ ሥርዓቱን ካከበርክ ብለው። የሚቆረጠው ሮብ ወይ አርብ ነው፣ እህል ሳይቀመስ። ከቤት ደጃፍ ከተወጣ ጀምሮ፣ ቅጠሉ መጥቶ መደቡ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ፣ ለማንም አንድ ቃል አይተነፈስም። ሰላምታም አይመለስም። «ሳል ቢመጣብህ እንኳ ቀስ ብለህ አስል» አሉኝ።

ጎጃምን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እዚህ አገር እንዴት አደራችሁ ተብሎ ወዲያው አይታለፍም። ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ አዝመራው ይጠየቃል፣ በየመሃሉ እግዜር ይመስገን ይባላል። ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ አንድ ነገር ሆኗል። እትዬ ስመኝ ደግሞ ካገኙት ሁሉ ጋር ቆመው ስለሚጫወቱ ጠዋት ገበያ ወጥተው የሚመለሱት ምሳ ካለፈ በኋላ ነው።

ሮብ ማለዳ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እትዬ ስመኝ በጥድፊያ ነጠላቸውን ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ተከናንበዋል። ይህ የኀዘን አለባበስ መሆኑን ሁለታችንም ልብ አላልንም። እኔ የመንገዱ አቧራ ዓይኔን አቅልቶታል። ቁልቁለቱ እንዳይጥላቸው ደግሞ ክንዳቸውን ደግፌያለሁ። እስቲ ፍረዱ፤ እንዲህ ሆነን ብታዩን ምን ትላላችሁ?

መጀመሪያ ያገኘችን ጎረቤታቸው ብርቄ ናት።

«እንዴት አደሩ እትዬ ስመኝ?» አለች። ዝም አልን። «ደኅና አደሩ ወይ?» አለች። አሁንም ዝም። ወደ እኔ ዞራ «ወንድሜ፣ ምን ሆነዋል?» ስትለኝ፣ መናገር አልችልም ለማለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ ራሴን ነቀነቅኩ። ብርቄ የያዘችውን ባልዲ መሬት አስቀመጠች። በዋዜማው ከሩቅ የመጣ ዘመድ፣ የተገለበጠ ነጠላ፣ አፍ ላይ የተጫነ እጅ። ሌላ ምን ትጠርጥር? እኛ ግን ምንም ሳንጠረጥር አለፍን።

ተክሉ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ነው። ሳየው ዘመዶቹን አወቅኳቸው፤ ከዳማከሴ ወገን ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አበባው ካልታየ በዓይን አይለይም፣ ወቅቱ ደግሞ የአበባ አልነበረም። ናሙናው የግድ ቤተ ሙከራ መግባት አለበት። እትዬ ስመኝ አንድ እፍኝ ብቻ ቆረጡና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ይጨምሩ ልላቸው ፈለግኩ፤ በምን አፌ?

ስንመለስ ለቅሶ ሰማን። በእትዬ ስመኝና በብርቄ ደጅ መሃል ድንኳን እየተተከለ ነው። ወንዶቹ አግዳሚ ይሸከማሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እትዬ ስመኝ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከብርቄ ቤት ማን ሞተ? እንዳይጠይቁ ቅጠሉ በእጃቸው ነው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሰዉ የእሳቸውን እንባ ሲያይ ለቅሶውን አቀለጠው። ሰዉ ሲያቀልጠው እሳቸው ባሰባቸው። እኔ ግራ ገብቶኝ መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እያለቀሱ ቤታቸው ገቡ። ቅጠሉን መደቡ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወጡና «ማነው የሞተው?» አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። የእድሩ ዳኛ አያ ሙሉነህ የድንኳኑን ገመድ እንደያዙ «እኛማ ካንቺ ልንሰማ ነው የቆምነው» አሉ።

ሁሉም ብርቄን አየ፣ ብርቄ እኔን አየችኝ። ምን ልበል? ቅጠል ልንቆርጥ ሄደን ነው አልኩ፤ ሥርዓቱንም አስረዳሁ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ማን ሞተ ብለሽ ነው ያለቀስሽው ተብላ የተጠየቀች አንዲት ሴት «እኔማ ለባሌ ነው፤ ከመጣሁ አይቀር ብዬ» አለች። አያ ሙሉነህ በሉ ንቀሉት ብለው አዘዙ።

«ተዉት» አሉ እትዬ ስመኝ።

ወንዶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እህቴ የሞተች ጊዜ ድንኳን የተከለልኝ የለም። አልፈርድባችሁም፤ ጊዜው ነው። ዛሬ ግን ከተተከለ፣ የእሷ ይሁንልኝ።»

አያ ሙሉነህ የፈቱትን ገመድ መልሰው አሰሩት። ሰው እንደገና ተቀመጠ፤ ማንም አልሳቀም። እትዬ ስመኝ እኔ የማላውቃትን ልጃገረድ አወሩልን። እናቴ በሠርጓ ቀን ሙሽራው ደጅ ደርሶ ብትፈለግ ብትፈለግ ጠፍታ፣ ጎረቤት ቤት ምች የመታው ሕፃን ስታሽ ተገኘች። መዳፏ አረንጓዴ እንደሆነ ተሞሸረች። እኔ ይህን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቢቸና ስንቀብራት ድንኳን ሳስተክል፣ ውሃ ሳስቀዳ፣ እንግዳ ሳስቀምጥ ነው የዋልኩት። ማልቀስ አልደረሰኝም።

ፀሐዩ ሲበረታ ያለቀሱት ሴቶች ራሳችንን አመመን አሉ። እትዬ ስመኝ ገቡና ያን እፍኝ ቅጠል ይዘው ወጡ። ናሙናዬ ነው ልል ብድግ አልኩ። ማን ፊት? መልሼ ተቀመጥኩ። መዳፋቸው ላይ አሽተው የሴቶቹን ግንባር በየተራ ቀቡ። ቅጠሉ ሲያልቅ ቀንበጡንም አሹት።

ከዚያ ሴቶቹ ሊያጽናኑኝ መጡ። ብርቄ አንገቴ ሥር ግንባሯን አስገብታ «እግዜር ያጽናህ ወንድሜ» አለችኝ። ሎሚው፣ አፈሩ፣ ያ ስም ያላወጣሁለትም መጣ። ቀጣይዋ አቀፈችኝ፣ ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ። እናቴ በየሰዉ ግንባር ላይ መጣችብኝ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ስጨርስ የሸሚዜ አንገትጌ አረንጓዴ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ደወለና ናሙናውስ አለኝ። እንደሆነው አድርጌ ነገርኩት። ስቆ ስቆ ሲያበቃ በሚቀጥለው ሮብ ድገሙት አለ። እትዬ ስመኝን ጠየቅኳቸው፤ ሰፈሩን በየሳምንቱ አላስለቅስም አሉ። ለጎረቤት አስቀድመን እንንገር ስላቸው፣ ከተነገረ በኋላማ ምን መድኃኒትነት ይኖረዋል አሉኝ። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ያለ እሳቸው ግን አልነካውም። ይህንንም ለአለቃዬ ነገርኩት። እሱም «ሸሚዝህን ነክቶታል አላልክም? ዘይቱን ከጨርቁ ላይ ማውጣት ይቻላል። ሳይታጠብ ላክልኝ» አለ። እውነቱን ነው፣ ይቻላል።

ታጥቧል አልኩት።

ሸሚዙ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ሳይንስ ይቅር ይበለኝ፤ ውሃ አልነካውም።