ሩቅ የሚመታው ቀላል ጠመንጃ

(ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ። ከሜዳው ማዶ፣ ዐይን ለመድረስ በሚታክትበት ርቀት ላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባች ቆርቆሮ ተሰቅላለች። ሁለት ሰዎች ዳገቱን ጨርሰው ብቅ ይላሉ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊት ፊት የሚሄደው የቤቱ ታላቅ አማች ነው፤ በዚህ ዓለም የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» ይሉታል። ሁለት ጠመንጃና አንድ ከረጢት ተሸክሞ ከኋላ የሚያለከልከው ታናሹ አማች ነው፤ ነገር ቶሎ ስለማይገባው «እንቅልፌ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ጭቅጭቁ ገና ከመኪና ሲወርዱ የተጀመረ ነው።)

ሊቁ፦ ቀላል ነው አልኩህ! ላባ ነው!

እንቅልፌ፦ እኔ እኮ ከባድ ነው አላልኩም ጋሼ። ከበደኝ ነው ያልኩት።

ሊቁ፦ ያው ነው!

እንቅልፌ፦ አይደለም። ማንገቻውን ስለፈቱት እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ነው የወጣሁት።

ሊቁ፦ ማንገቻ ክብደት ነዋ! ተራራ ላይ እያንዳንዷ ግራም ጠላት ናት። ከጠመንጃ ላይ ሊነሳ የሚችል ነገር ሁሉ መነሳት አለበት። ሦስት ወር ሙሉ ያጠናሁት ይህንን ነው።

እንቅልፌ፦ የተነሳው ማንገቻ የት ገባ?

ሊቁ፦ ከረጢቱ ውስጥ።

እንቅልፌ፦ ከረጢቱን የተሸከመው ማን ነው?

ሊቁ፦ አንተ ነሃ!

እንቅልፌ፦ እንግዲያው ጠላቶቹ በሙሉ እኔ ጋ ናቸው።

ሊቁ፦ አትፈላሰፍ! አባባ ያሉትን ረሳህ እንዴ? ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ነገ ለዱር ፍየል አደን ሲወጡ በመነጽር ያያሉ እንጂ አይተኩሱም። የሚተኩስላቸው አንድ አማች ብቻ ነው። «ያችን ቆርቆሮ የመታ ነገ ከጎኔ ይቀመጣል» ብለዋል፤ አለቀ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ «ያ ወሬኛ» እንጂ ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም። ዛሬ «ልጄ» ሳላሰኛቸው እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!

እንቅልፌ፦ እኔስ አልሞክርም?

ሊቁ፦ አንተ? አንተ ዝንብ እንኳ እሽ ስትል ጥፊህ የሚያርፈው ከራስህ ጉንጭ ላይ ነው። ጠመንጃዎቹን አስቀምጥ። ቀስ! አፈሙዙን ወደ ቆርቆሮው!

(እንቅልፌ ሁለቱን ጠመንጃዎች ምንጣፍ ላይ ያጋድማል። አንዱ የአባባ ነው፤ እንጨቱ በእጅ ብዛት እንደ ቅቤ የለሰለሰ አሮጌ ጠመንጃ። ሌላው ሊቁ ከሱቅ ለሙከራ የተዋሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ አዲስ።)

ሊቁ፦ እስቲ ይህን የአባባን ግንድ ተመልከተው! ሰው እንጨት ተሸክሞ ከዱር ይመለሳል እንጂ እንጨት ተሸክሞ ወደ ዱር ይሄዳል? ይህንን ግን እየው። መዝጊያውን በእጅህ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ ወደ ፊት ትገፋለህ። አንድ ጥይት፣ አንድ ፍየል!

እንቅልፌ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።

ሊቁ፦ አንድ ብቻ ከሆነ ስለት አግባ።

እንቅልፌ፦ ቀላል እንዲሆን የፈለጉት ለምንድን ነው?

ሊቁ፦ ብዙ ለመሄድ።

እንቅልፌ፦ ሩቅ እንዲመታ የፈለጉትስ?

ሊቁ፦ ብዙ ላለመሄድ።

እንቅልፌ፦ ታዲያ እንሄዳለን ወይስ አንሄድም?

ሊቁ፦ (ግንባሩን በመዳፉ እየመታ) ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ዝም ብለህ አጉርስ።

(በሆዱ ይተኛል። እንቅልፌ ሰደፉን ጎንበስ ብሎ ያያል።)

እንቅልፌ፦ ሰደፉ ጫፍ ላይ ጎማ ነበረ አይደል?

ሊቁ፦ ፈትቼዋለሁ። ጎማ ክብደት ነው።

እንቅልፌ፦ ሲተኮስ ትከሻዎን አይመታዎትም?

ሊቁ፦ የተማረ ሰው መላ አያጣም። (ከከረጢቱ ትልቅ ፎጣ አውጥቶ፣ አራት አጥፎ ከሸሚዙ ሥር ይጎሰጉሳል።)

እንቅልፌ፦ ፎጣው ከጎማው አይከብድም?

ሊቁ፦ ይክበድ! የከበድኩት እኔ እንጂ ጠመንጃው አይደለም!

እንቅልፌ፦ እስከ ዛሬ ስንት አውሬ ጥለዋል ጋሼ?

ሊቁ፦ አደን በመጣል አይለካም። ይልቅ ጥጡን አቀብለኝ።

(ጆሮውን በጥጥ ይደፍናል። እንቅልፌ ጥይት አጉርሶ መዝጊያውን ይገፋል። ጠመንጃው ይጮኻል፤ ሊቁም አብሮ ይጮኻል። ቆርቆሮዋ ዝም።)

ሊቁ፦ (ጥጡን እየነቀለ) ነፋስ ነው።

እንቅልፌ፦ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

ሊቁ፦ እዚያ ማዶ ያለው ነፋስ አንተ ዘንድ መጥቶ ይሰናበትሃል? ድገም!

(ጥጡን ይመልሳል። ጠመንጃው ይጮኻል። ሊቁ ይጮኻል። ቆርቆሮዋ ዝም።)

ሊቁ፦ አሁን ደግሞ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ነው። ሻጩ አጣሞ አስሮታል።

እንቅልፌ፦ የአባባን ጠመንጃ ልስጥዎት?

ሊቁ፦ ያንን ግንድ? ከሞትኩ በኋላ!

እንቅልፌ፦ ጋሼ፣ ቃታውን ሲስቡ ዐይንዎን ለምን ይጨፍናሉ?

ሊቁ፦ ዒላማውን በአእምሮዬ ለመያዝ ነው።

እንቅልፌ፦ የሚጮኹትስ?

ሊቁ፦ ትንፋሽ ማውጣት ይባላል! ምን አስተማሪ አደረገኝ! አጉርስ፣ አፍህን ሳይሆን ጠመንጃውን!

(ጥጡን እስኪጠፋ ድረስ ወደ ጆሮው ይጠቀጥቃል። እንቅልፌ ጥይቷን በጣቶቹ መካከል ያገላብጣታል፤ ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ይቀልባታል፤ ይቺም እኮ ክብደት አላት ብሎ ያሰላስላል። በሐሳቡ እንደ ተዋጠ መዝጊያውን ይገፋና የሊቁን ጀርባ መታ መታ ያደርጋል። ጥይቷ እጁ ላይ ናት። ሊቁ ዐይኑን ጨፍኖ ቃታውን ይስባል። ጠመንጃው «ቀጭ» ይላል።)

ሊቁ፦ ወይኔ ትከሻዬን! (ተስፈንጥሮ በጀርባው ይወድቃል፤ ከዚያ ጥጡን ነቅሎ ይጥላል።) አየህ ምቱን? አየህ? የበቅሎ እርግጫ እኮ ነው!

እንቅልፌ፦ ጋሼ...

ሊቁ፦ መታኋት! እጄ ላይ ታውቆኛል። ጯ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!

እንቅልፌ፦ በጥጡ ውስጥ?

ሊቁ፦ የተኳሽ ጆሮ ነዋ! ባሩዱ ራሱ አይሸትህም?

እንቅልፌ፦ (ያሸታል) እኔን የሸተተኝ የፎጣው ሳሙና ነው። ጋሼ፣ ልንገርዎት...

ሊቁ፦ ዝም በል ብያለሁ! የሰው ደስታ ሲያይ ልቡ የሚቆስል ምቀኛ! (ስልኩን አውጥቶ ይደውላል።) ሃሎ፣ አባባ? እኔ ነኝ። አዎ፣ ያው ወሬኛው። መታኋት አባባ! በቀላሉ ጠመንጃ! ... ምን አሉኝ? ... እስቲ ይድገሙልኝ። ... እሺ፣ ይምጡ፣ ሁሉም ይምጡ! እግዜር ያክብርልኝ! (ስልኩን ይዘጋል። ዐይኑ እንባ አቅርሯል።) «ልጄ» አሉኝ። ሰማህ? በአንድ ስልክ ሁለት ጊዜ! የጥንት የአደን ጓደኞቻቸውን ሁሉ ሊጠሩ ነው፤ «ነገ ልጄ ሲተኩስ ኑና እዩልኝ» ብለው።

እንቅልፌ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ይቺንስ የት ላድርጋት? (መዳፉን ይዘረጋል።)

ሊቁ፦ ምንድን ናት?

እንቅልፌ፦ ጥይቷ። ስለ ክብደቷ ሳስብ ማጉረሱን ረሳሁት። ልነግርዎት ስል ዝም በል አሉኝ።

(ሊቁ መዝጊያውን ይስባል። አጎንብሶ ያያል። ዐይኑን አላምን ብሎ ትንሿን ጣቱን ይሰዳል። ባዶ ነው።)

ሊቁ፦ ታዲያ... እኔን የመታኝ ምንድን ነው?

እንቅልፌ፦ እኔም እሱን ነው ማሰብ የጀመርኩት።

ሊቁ፦ (ምንጣፉ ላይ ቁጭ ይላል።) እነዚያ ሽማግሌዎች ነገ... ከነመነጽራቸው... ዙሪያዬን ከበው... ወንድሜ፣ የናቴ ልጅ፣ ምን ይሻለኛል?

እንቅልፌ፦ አይስጉ ጋሼ። ነገም የማጎርስልዎት እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ (ክንዱን ጨምድዶ ይዞ) ጥይቷን ሳትረሳ?

እንቅልፌ፦ ኧረ እረሳታለሁ እንጂ! ጥይት ከገባበትማ ይስታሉ።