ግንባሬ ላይ የተመታው ማኅተም

ትናንት ገና ጎኔ አልጋውን ከመንካቱ በሕልሜ መልእክት ሆኜ ተላክሁ።

የላከችኝ አንዲት አቤቱታ ናት። መነጽሯን አድርጋ፣ እግሯን አነባብራ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አራት ቦታ አጣጥፋ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠችኝና ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጠየቀችኝ። ምሕረተአብ ደሳለኝ ብዬ አያቴ ላይ ስደርስ ስሙ ጠፋብኝ። በቅጹ ላይ ኮከብ ያለበት ቦታ ካልተሞላ አይላክም አለች። ሲጨንቀኝ የጎረቤታችንን አያት ስም ሰጠኋት፤ ሳታጣራ ተቀበለችው። ከዚያ «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ቶሎ ስላልሄድሁላት ተናድዳ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

እንግዲህ በውኔም ሥራዬ ይኸው ነው። ስሙን ለማልጠራው የውኃ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ እሠራለሁ። ሰው ቧንቧዬ ፈነዳ ብሎ ጽፎ «ላክ» ሲል ድረ ገጹ መልእክቱን ወረፋ ላይ ያስቀምጥና ለሰውየው ወዲያው «መልእክትዎ ደርሷል፤ እናመሰግናለን» ይለዋል። ከወረፋው አንድ በአንድ እያነሣ ለሠራተኞች ማደል የሌላ ፕሮግራም ሥራ ነው። ጥቅሙ፣ ላኪው ቆሞ አይጠብቅም፤ የሚቆመው መልእክቱ ነው። ይህን በስብሰባ ላይ ሳስረዳ ተጨብጭቦልኛል። መቆሙ እንዴት ነው ብሎ መልእክቱን የጠየቀ ግን አልነበረም።

በሕልሜ ጠየቅሁት ማለት ነው። ዐይኔን ስገልጥ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ውስጥ ተሰልፌያለሁ። ወረፋው መጨረሻ የለውም። የተሰለፉት ደግሞ ተገልጋዮች አይደሉም፤ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ናቸው። ከፊቴ ዋና ሥራ አስኪያጃችን አቶ አዳሙ ከረባታቸውን እንደ ሻሽ ጠምጥመው ቆመዋል። ወደ ኋላ ዞር ስል እኔው ነኝ። ከእሱም ኋላ እኔው ነኝ። ሦስት ጊዜ ስለተላክሁ ሦስት ሆኛለሁ። ዋናው ማን እንደሆነ ተጨቃጨቅን። አቶ አዳሙ ዝም በሉ አሉን፤ ሦስታችሁም ያላችሁ አንድ ወንበር ነው፣ እሱም ላይ አቤቱታ ተቀምጣበታለች አሉ።

በዚህ መሐል አንድ አህያ መጣ። የፊት ኮቴው ላይ ማኅተም ተገጥሞለታል። በተራ እየዞረ የእያንዳንዳችንን ግንባር መታ። ጎንበስ ብዬ የሌላኛውን የእኔን ግንባር ሳነብ «ደርሷል» ይላል።

«ጌታዬ፣ ገና ምኑን ደረስሁ?» አልሁት።

«ወረፋው ጋ ደርሰሃል» አለኝ አህያው። «ከዚያ ወዲያ ያለው እኔን አይመለከተኝም።»

ሕጉን ከፊታችን ካሉት ሰማን። በወረፋው ጫፍ አንድ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ተገልጋይዋ ናት። ተራህ ደርሶ ተገልጋይዋ ከሌለች ወደ ኋላ ተመልሰህ እንደገና ትሰለፋለህ። ሦስት ጊዜ ከተመለስህ ግን በቀኝ በኩል ባለችው ትንሽ በር ትገባለህ። በሯ ላይ «የሞቱ መልእክቶች» ተብሎ ተጽፏል። የግዥ ክፍል ኃላፊው ሲገባ አየሁት፤ ፋይሉን እንኳ አልጣለም።

ተገልጋይዋ ማን ናት ብዬ ስጠይቅ ወይዘሮ የሺእመቤት ናቸው አሉኝ። እኒህን ሴት በአካል አላውቃቸውም፤ ጽሑፋቸውን ግን አውቀዋለሁ። ድረ ገጹ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ መሥራቱን ልሞክር ስል ያነበብሁት የእሳቸውን ነው። የመንገዱ ቧንቧ ከቤታቸው ሥር ፈንድቶ ግድግዳው እንደ ጠላ ድፍድፍ ራሰ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ የማይነሣ ባል አስተኝቻለሁ ብለው ነበር የጻፉት። ጽሑፉ በትክክል ወረፋው ውስጥ ገብቷል ብዬ ደስ ብሎኝ ዘግቼው ምሳ ሄድሁ።

ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ዝግ ነው። «ተገልጋይዋ ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ተመለስን። በሁለተኛው «ለሥራ ጉዳይ ወጥተዋል» ይላል። ተመለስን። በሦስተኛው አቶ አዳሙ ሥራ አስኪያጅነታቸውን ለመስኮቱ ነገሩት። መስኮቱ አልተከፈተም። እባክዎ እናቴ፣ ብለው ለመኑ፤ እሳቸው ሲለምኑ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በትንሿ በር ገቡ። ከኋላዬ የነበሩት ሁለቱ እኔዎችም ተራ ሳይጠብቁ ተከትለዋቸው ገቡ። የመጨረሻው ዞር ብሎ አየኝ፤ ሰላም አላለኝም።

መስኮቱ ፊት ብቻዬን ስቀር ተከፈተ። ወይዘሮ የሺእመቤት እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው።

«ምን አመጣህ ልጄ?»

«መልእክት ነኝ፣ እትዬ።»

ቀስ ብለው ዘረጉኝ። ውስጤ ምን እንደተጻፈ እኔም አላውቅም ነበር። አነበቡ፤ ገልብጠው ጀርባዬንም አዩ።

«መልእክትዎ ደርሷል ይላል።»

«ሌላስ፣ እትዬ?»

«እናመሰግናለን ይላል።»

በትከሻቸው በኩል ቤቱን አየሁት። የአልጋው እግሮች ውኃ ውስጥ ናቸው። ሽማግሌው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ግድግዳው በሰው ራስ ልክ ተቦርቡሮ ውኃ ይተፋል። ሽማግሌው በደከመ ድምፅ ማን መጣ ብለው ጠየቁ።

«ማንም አይደለም» አሉ ሴትዮዋ። «ወረቀት ነው።»

ልናገር ፈለግሁ። ይቅርታ ልል፣ ያን ቀን አንብቤዋለሁ ልል ፈለግሁ፤ ከተጻፈብኝ በቀር ሌላ ቃል ግን አልወጣ አለኝ። «እናመሰግናለን» አልሁ። ወይዘሮ የሺእመቤት አላዘኑብኝም። መልሰው አጣጠፉኝና፣ የሚደፍን ነገር አጥቼ ነው ልጄ፣ አትቀየመኝ ብለው እግሬን አስቀድመው ቀዳዳው ውስጥ ወተፉኝ።

ውኃው ቆመ። ሽማግሌው እፎይ ሲሉ ሰማሁ። እንዲህ የጠቀምሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከዚያ ከእግሬ ጀምሮ መራስ ጀመርሁ፤ ወገቤ ላላ፣ ደረቴ ላላ፣ ውኃው አፌ ሲደርስ ስልክ ጮኸ።

ነቃሁ። ነግቷል። የደወሉት አቶ አዳሙ ናቸው፤ ድምፃቸው ሠርግ ቤት ያለ ይመስላል። ለአቤቱታ ፈጣን መልስ በመስጠት ከመሥሪያ ቤቶች ሁሉ አንደኛ ወጥተናል አሉኝ። ከመቶ መቶ፣ ያውም እያንዳንዱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ። አራት ሰዓት ላይ ዋንጫ አለ፣ ኮት ልበስ አሉኝ።

አፌ ገና ውኃ ውኃ እያለኝ እውነቱን ነገርኋቸው። ከወረፋው እያነሣ የሚያድለው ፕሮግራም ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፎ እስከ ዛሬ እንዳልተሠራ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተላከው ስድስት ሺህ መልእክት አንድም ለሠራተኛ ሳይደርስ እዚያው እንደቆመ፣ ግድግዳ ሊወድቅባቸው ያሉ ሰዎች እንዳሉበት ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ለመናገሩ ባፍርም፣ ለአፍታ ተስፋ አደረግሁ።

«ጠቃሚ አስተያየት ነው» አሉ በመጨረሻ። «በቃል አይሆንም፣ በድረ ገጹ ላከው።»