በጳጉሜ ወፍ የማየት ጣጣ

እኛ ቢቸናዎች ባሕር የለንም። ዳርቻ ግን አለን፤ የወንዝ ዳርቻ። ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ዳር ተቀምጠው ወፍና ቢራቢሮ የሚያዩ ሰዎች ሲመጡ "ሥራ ፈቶች" እያልሁ ኖሬያለሁ። ሰው ጤናውን ይዞ እንዴት ወፍ ሲያይ ይውላል? አሁን የምነግራችሁን ስሙና ሥራ ፈቱ ማን እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ። አፍሬ ነው የምነግራችሁ። ማፈር ከጀመርሁ እንኳ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ስለ ወፍ ብዙ አስተምሬያለሁ። መጽሐፋችን ላይ ያለችው ወፍ በረዶ ላይ የምትኖር፣ መብረር የማትችል ናት፤ እሷን ከነአንጀቷ አውቃታለሁ። አንድ ጠዋት ታዲያ ባለቤቴ አጥራችን ላይ የተቀመጠች ባለ ረጅም ጭራ አሳየችኝና ምን እንደምትባል ጠየቀችኝ። ትክ ብዬ አየኋት። "ወፍ ናት" አልሁ። ይህንንማ እሷም ሳትማር እንደምታውቀው ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ንግግር ቁርስ ያስጥላል።

እልህ ያዘኝ። ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሰይድ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ አብረን ነው የተማርን። ዘመዱ ከውጭ ያመጣለት ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ አይቼ ነበር። ሄጄ አውሰኝ አልሁት። ለምን እንደፈለግሁት ሲጠይቀኝ ለወፍ ነው አልሁ። እስኪበቃው ሳቀና ሰጠኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የወንዛችንን ዳር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አደዩ ልፈንዳ ልፈንዳ ይላል። ቢጫ ቢራቢሮዎች እርጥብ ጭቃ ላይ ተሰብስበው ውኃ ይጠጣሉ። ቄጠማው ጫፍ ላይ ቀይና ጥቁር የለበሰች ወፍ ትወዛወዛለች። እኛ ለጠፋ ሰው "የመስቀል ወፍ ሆንህ" እንላለን እንጂ ወፏን ራሷን ዘወር ብሎ የሚያያት የለም። እኔ ማየት ጀመርሁ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ብቻዬን ማወቁ ግን አልጣመኝም። እውቀት ሰሚ ይፈልጋል፤ ባለቤቴ ደግሞ መስማት ትታለች።

ስለዚህ የኔታን ለመንኋቸው። የኔታ የሰፈራችን የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ብራና ላይ አፍጥጠው ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ ጉም ሆኖባቸዋል። የማርያም ማኅበራችን እሳቸው ሳይጸልዩ ጠላ አይቀዳበትም። የእሳቸው ዓይን ከወፍ ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ቢነግሩኝም ጎትጉቼ ወሰድኋቸው። መቼ? ጳጉሜ ሦስት ማለዳ።

ገብቷችኋል አይደል? ቀኑ ሩፋኤል ነው። አገር ምድሩ ውኃ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ሁልጊዜ የሚጠመቁት ከላይኛው ኩሬ ነበር፤ ያን ዕለት ጎርፍ ጭቃ ስለሞላበት ወደ ታች ወርደዋል። ይህን አላወቅሁም። እዚህ ላይ "አላወቅሁም" ብዬ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን መነጽሩን ዝቅ ሳደርግ ቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ ነጭ ነጠላ አይቻለሁ። ሰው እንዳለ ገብቶኛል። "የኔታ፣ እንመለስ" ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ቢራቢሮዎቹ ግን ጭቃው ላይ እንደ ጉድ ተሰብስበዋል፤ የኔታ ሳያዩልኝ ሊበሩብኝ ነው። መነጽሩን አንገታቸው ላይ አጠለቅሁላቸው። በገዛ እጄ ወደ ውኃው ዳር አዞርሁላቸው።

የኔታ መነጽሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ቢራቢሮዎቹ በአንድ ጊዜ ብር ብለው ሲነሡ፣ የኔታ ያን ማኅሌት የገራውን ድምፃቸውን ለቀቁት።

"ዕፁብ ድንቅ ፍጥረት!"

ወንዙ ዳር ጩኸት ሆነ። እስቲ ከታች ሆናችሁ አስቡት፤ አፋፉ ላይ ነጭ ጥምጣም፣ ከጥምጣሙ ሥር መነጽር፣ በዚያ ላይ አድናቆት።

የማኅበራችን አድራጊ ፈጣሪ ወይዘሮ ባንቺአምላክ እርጥብ ነጠላቸውን ተከናንበው ዳገቱን ወጡ። ይሳደባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ከስድብ የባሰውን አመጡ።

"የኔታ፣ እርስዎም?"

የኔታ ያዩት እሳቸው መሆናቸውን በረጋ ድምፅ ተናገሩ። ሰው ያየውን አላየሁም እንዲል አልተማሩም። ወይዘሮ ባንቺአምላክ ወደ እኔ ዞሩና መምህር ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል አሉ። ወዳጆቼ፣ መነጽሩ የእኔ ነው፣ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ ማለት ስንት ቃል ነው? ምላሴ ግን የራሷን መንገድ ሄደች።

"እኔ እንኳ የኔታን አጅቤ ነው የመጣሁ።"

የኔታ ዞር ብለው አዩኝ። ያለ መነጽር ነው ያዩኝ፤ ግን ደኅና አድርገው ያዩኝ ይመስለኛል። ከዚያ መነጽሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በሰው ላኩልኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው በሁለት ቀን ደጀን ገባ፤ እዚያ ሲደርስ መነጽሩ ሁለት ሆኖ ነበር አሉ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ምርቃት ለመቀበል ከየኔታ ደጅ የሚሰለፈው ሰው ዘንድሮ ዝር አላለም። እሳቸው ነጭ ለብሰው በራቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አየኋቸው። በሌላ መንገድ ዞሬ አለፍሁ። ሴቶቹም ለመስከረም ሃያ አንዱ ማኅበር የኔታ እንዳይጠሩ ተስማሙ። እኔ ዝም አይነቅዝም እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። ማን እንዳለው እንጃ፣ የእኔ ዝምታ ግን በሳምንቱ ነቀዘ።

መነጽሩን ልመልስ ሞጣ ሄድሁ። ሰይድ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ጠየቀኝ፤ እኔም አንድም ሳላስቀር ነገርሁት። መነጽሩን አገላብጦ አየው፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

"የእኔን ዕቃ ሳትሰብር መለስህልኝ" አለኝ። "የሰውየውንስ ስም?"

ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ተመለስሁ። አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን ሳጠና መጣሁ።

መስከረም ሃያ አንድ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ከመካከል ቆምሁ። መነጽሩን ማን እንዳመጣ፣ የኔታን ማን እንደጎተጎተ፣ የተሰጣውን ነጠላ ማን አይቶ ዝም እንዳለ፣ ሁሉንም ዘረገፍሁት። አጅቤ ነው ያልሁትም ውሸት ነው አልሁ። አሁን ጠላው ፊቴ ላይ ይደፋል፣ ይገባኛልም ብዬ አቀረቀርሁ።

ቀና ስል ወይዘሮ ባንቺአምላክ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። የኔታን ለማዳን ብሎ ራሱን እንዲህ የሚያዋርድ ሰው በዚህ ዘመን አለ ወይ አሉ። ሌሎቹም ከንፈር መጠጡ። እኔ በማርያም ስም እምላለሁ፤ እነሱ ደግሞ በማርያም ስም አትማል፣ ልብህን አውቀነዋል ይሉኛል። ነጠላው በየትኛው ቁጥቋጦ ላይ እንደነበር ብናገር፣ ለየኔታ ሲል ይህን ሁሉ አስቦ መጣ ብለው ባሰባቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የእኔ እውነት እያደረ ደፈረሰ። በመጨረሻ ለእኔ ሲሉ የኔታን ማሩ። ላልሠሩት ኃጢአት፣ በእኔ አማላጅነት። ወዲያው ሰው ተላከና የኔታ መጡ። ወይዘሮ ባንቺአምላክ ያደረግሁላቸውን ውለታ አንድ በአንድ ነገሯቸው።

የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ተናገርህ?"

"ተናገርሁ፣ የኔታ። አላመኑኝም።"

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚህ መካከል ወይዘሮ ባንቺአምላክ እኔን እያሳዩ፣ ዛሬስ ከራስጌ የሚቀመጠው መምህር ነው አሉ። ራስጌው አጎዛ የተነጠፈበት የየኔታ መቀመጫ ነው። የኔታ ወደ ግርጌው ወርደው ቆሙ። ሁሉም እስክቀመጥ ቆሞ ይጠብቀኛል። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ሮጦ መውጣትም ነበረብኝ።

ተቀመጥሁ።