ወደ ሱዳን የምትታጠፍ ኳስ

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ አበው። ይህን የተረተው ሰው መተማ ዮሐንስ ላይ ክፍል ተከራይቶ አያውቅም። እኔ ብቻዬን የምበላው ሰስቼ ሳይሆን የሚያጎርሰኝም የማጎርሰውም አጥቼ ነው። ባለቤቴና ልጆቼ ጎንደር ናቸው። ቆላው አይስማማቸውም፤ መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። በስልክ እየተገናኛችሁ ምን ቀረብህ ትሉኝ ይሆናል። ኔትወርክ ሲኖር ልክ ናችሁ።

ብቻውን የሚኖር ሰው ውሎ አድሮ አንድ አመል ያወጣል። አንዱ ከሬዲዮ ጋር ይከራከራል፣ ሌላው ዶሮዎቹን በስም እየጠራ ይቆጣል። እኔ ጎልፍ ጀመርኩ። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ የሚስቅብኝ ሰው ማግኘትም ቀላል ነገር አይደለም።

ሙያዬ የትራክተር ጥገና ነው። የሰሊጥ አጨዳ አልቆ የጎጃምና የወሎ ልጆች ወደየደጋቸው ሲመለሱ ከተማው ጭር ይላል፤ የሚሰበር ትራክተርም ይጠፋል። እንዲህ ጭር ባለበት ሰሞን ካርቱም ስትነድ ሸሽተው ድንበር ከተሻገሩት አንዱ፣ ኢድሪስ የሚባሉ የመንገድ መሐንዲስ፣ ከእኔ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራዩ። ሱዳኖች መሐንዲስን «ባሽ መሐንዲስ» ብለው ያከብራሉ፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ሌላው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ ሲሻገር እርሳቸው ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣ፣ አንድ የጎልፍ ዱላና ጥቂት ኳሶች ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ጅዳ ሆና ቪዛቸውን ትከታተላለች፣ እርሳቸው ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ አየሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ዱላ ይዞ ከወጣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል ወይ ሰው በድሎታል። ከብት እንደሌላቸው ስለማውቅ ፈርቼ ተከተልኳቸው። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በታጨደው የሰሊጥ ማሳ ላይ ቆመው አንዲት ነጭ ኳስ መቱ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ከዓይን ራቀች። ዘወር ሲሉ አዩኝና፣ ግማሽ ዐረብኛ ግማሽ አማርኛ በሆነው ንግግራቸው፣ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ና ሞክር» አሉኝ።

ጎልፍ ለካ መምታት ሳይሆን ክብ መሳል ኖሯል። የዱላው ጫፍ በሰውነታችሁ ዙሪያ ይዞራል። ክቡ እንደ ምጣድ የተኛ አይደለም፣ እንደ ጋሪ ጎማ የቆመም አይደለም፤ ዘመም ይላል፣ ልክ እንደ ትራክተር ማረሻ ዲስክ። ከዚያ ከዘመመው ክብ ሳትወጡ ካወረዳችሁት፣ ጫፉ ኳሷን የሚነካው ወደምታልሙበት አቅጣጫ እየሄደ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ከቆረጣችሁት ግን ኳሷ እየተሽከረከረች ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ይኸው ነው።

ይኸው ነው ማለት ቀላል ነው። እኔ ትራክተር ከመንካቴ በፊት ሰሊጥ አጫጅ ነበርኩ። አጫጅ በግራው አገዳውን ይጨብጣል፣ በቀኙ ማጭዱን ወደ ራሱ ይስባል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ዱላው በወረደ ቁጥር እጄ ኳሷን ሊያጭዳት ወደ ሆዴ ይሰበስበዋል። የምናልመው ወደ ደቡብ ነው፤ ከዚያ በስተቀኝ ሱዳን አለ። ኳሷ ትነሳለች፣ ትንሽ ታመነታለች፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ትታጠፋለች።

«አገሯን ታውቃለች» አሉ ባሽ መሐንዲስ አንድ ቀን። ሳቅን። እርሳቸው ግን ቀድመውኝ ሳቃቸውን ጨረሱ።

በየቀኑ መሬት ላይ በጭራሮ ክብ ይስሉልኛል፣ የትከሻዬን ዝንባሌ በገመድ ይለካሉ፣ ኳሷም በየቀኑ ትታጠፋለች። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፤ ነገ ደግሞ» ይሉኛል። ከዚያ በቃርሚያው መሀል ኳስ ፍለጋ እንሄዳለን። እርሳቸው ስለ ሚስታቸው፣ እኔ ስለ ልጆቼ እናወራለን፤ ኳሷ እግራችን ሥር ሆና እንኳ አልፈናት እንሄዳለን። ባለ ሱቋ እትዬ ዘሃራ፣ «አንተ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ይኸ ሁሉ ላብ ለምንድን ነው?» ትለኛለች። እንዴት ልንገራት፤ ቸግሮኝ ነበር እንጂ።

የምፈራው ቀን መጣ፤ ቪዛቸው ወጣ። ባሽ መሐንዲስ ዱላውንና የቀረችውን አንዲት ኳስ ትተውልኝ ሄዱ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ማሳው ላይ ቆሜ መታሁ፤ ታጠፈች። የጠፋ ኳስ ብቻችሁን ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ቶሎ ይገኛል። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዓርብ ከጅዳ ደወሉ። ከሰላምታው በኋላ ስለ ኳሷ ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ስማ ያ ወለዲ» አሉኝ፤ «ስትቆም ቀኝ እግርህን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳብ። የዱላው መንገድ በራሱ ይስተካከላል።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

«መቼ አወቁት?»

«የመጀመሪያውን ቀን።»

ያ ሁሉ ክብ፣ ያ ሁሉ ገመድ!

«ቀጥ ብትልልህ በነጋታው ትመጣ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ እዚያ ሌላ ማን ነበረኝ?»

በማግስቱ ወጥቼ ቀኝ እግሬን አንድ ስንዝር ሳብኩ። መታሁ። ኳሷ ሳታመነታ ቀጥ ብላ ወደ ደቡብ ሄደች። እሰይ ብዬ ጮህኩ፤ አንድ አህያ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ግጦሹ ተመለሰ።

በሳምንቱ ዓርብ ስልኬ ጮኸ።

«እግርህን ሳብከው?»

«ሳብኩት ባሽ መሐንዲስ።»

«እሺ አለች?»

ማሳውን አየሁ። ክፍሌን አሰብኩ።

«እምቢ አለች» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ትልቅ መሐንዲስ ኮስተር ብለው፣ «እንግዲያው ነገሩ ከባድ ነው» አሉኝ፤ «ዓርብ ዓርብ መደወል ሊኖርብኝ ነው።»