የትህትና ቁልፍ

እጅ አንዴ ከለመደ ጭንቅላትን የሚያማክር እንዳይመስላችሁ። እኔ ቡራዩ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ነኝና ከእጄ ጋር ስንቴ ተጣልቻለሁ። አሮጌዋ ኮምፒውተሬ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን የጽሑፍ ፕሮግራም መሸከም ሲያቅታት፣ ማውስ የማይፈልግ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚያሳይ የራሴን ፕሮግራም ሠራሁላት። ኩራቴ አቋራጮቹ ነበሩ። ኮንትሮልን ይዛችሁ አንድን ስትጫኑ «ጉዳዩ፦» ይመጣል፤ ሁለትን ስትጫኑ ደግሞ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ» የሚለውን ፕሮግራሙ ሳይተነፍስ ያፈስሰዋል። ስንቱን ሰው በአንድ ጣቴ እንዳንበረከክሁ አትጠይቁኝ።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን አገሩን ባመሰበት ሰሞን፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ሳለ፣ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ገበሬ ከገፈርሳ በእግራቸው መጡ። የገብስ ማሳቸው ላይ ችካል ተተክሏል። የመሬት ቢሮው ተቃውሞ የሚቀበለው እስከዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ካላስገቡ መሬቱ ሄደ ማለት ነው።

እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ፤ እጄም እንደ ልማዱ ሁለትን ተጫነ። ሳነብላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ማነው የሚለምነው?»

«ኦቦ ጉተማ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ደንብ ነው።»

«ሂን ከዻዹ! አልለምንም። የገዛ መሬቴን ነው እንዴ የምለምነው? አውጣው!»

አወጣሁት። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ቢሮው አልቀበልም እንዳይል ፈራሁም።

አብሬያቸው ቢሮ ሄድኩ። ማመልከቻ ተቀባዩ ሠራተኛ ወረቀቱን አነበበና ገፋ አደረገው። «አጻጻፉ አልተሟላም። ልመናው የታለ?»

ኦቦ ጉተማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ምንም አልጎደለውም። ማኅተምህን አምጣ።»

የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አልተነሱም። ሰውየው በልቶ ተመለሰ፤ አልተነሱም። እኔ በየደቂቃው በሩን አያለሁ፣ እሳቸው ማኅተሙን ያያሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሰውየው ቢሮውን ዘግቶ መሄድ ሲፈልግ፣ «ገቢ ሆኗል» የሚለው ማኅተም አንዲት ልመና በሌለባት ወረቀት ላይ ዷ ብሎ ወረደ።

በኋላ ፕላኑ ቀረ ተባለ። የእኛ ወረቀት አስቀረው ብዬ አልዋሽም፤ ሰው ሞቶበታል። ግን በማግስቱ ሦስት ገበሬዎች ደጄ ቆመው «እንደ ጉተማ ጻፍልን» አሉኝ። የዚያኑ ቀን የልመናውን አቋራጭ ከፕሮግራሜ ነቅዬ ጣልኩት። በእኔ ቤት መለመን አልተከለከለም፤ ያማረው ግን ራሱ ተቀምጦ ፊደል በፊደል ይምታው።