የጋሽ በሪሁን ሲሊኮን

ደሴ ላይ፣ የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ሱቅ ፊቱ አንድ ትልቅ መስታወት ነው። ጠርዙን የዞረው የመስታወት ማጣበቂያ፣ ሲሊኮኑ፣ ሻግቶ ጠቁሯል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ያስገባል። ውኃ ባስገባ ቁጥር ደግሞ ሊቀመንበሩ ጋሽ በሪሁን አሮጌውን ሳያነሱ አዲስ ይደርቡበታል፣ ያውም በገዛ ጣታቸው። አዲሱ በአሮጌው ላይ አይይዝም፤ ተመልሶ ይላላጣል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

"ይነሳ" ላለ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። "እሱ የተነሳ ቀን መስታወቱ ይወድቃል። ይኼን ቤት እስከ ዛሬ ማን ያቆመው ይመስላችኋል?" ሰዉም ነገር ላለማብዛት ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ያቀረቅራል።

ከሰፊዎቹ አንዷን፣ ወይዘሮ ይታይሽን፣ ይኼ ነገር መረራት። ቅዳሜ ጠዋት የቀለም ማቅጠኛው ሽታ መውጫ እንዲያገኝ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ክብሪት የሚጭር እንዳይጠጋ ተናገረች፤ ጓንቷን አጥልቃ፣ ምላጯን ይዛ አሮጌውን ልታነሳ መስታወቱ ሥር ቁጭ አለች። መስታወቱ ከተሰነጠቀ የጋሽ በሪሁን ቃል እውነት መሆኑ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ማን አፉን ይከፍታል?

ጋሽ በሪሁን መጥተው የመስታወቱን አንድ ጥግ በትከሻቸው ተደገፉ። "በጉልበት የሚሆን እንዳይመስልሽ፣ እቴ።"

"ማን በጉልበት አለ፣ ጋሼ? እያለዘብኩ ነው።"

አልዋሸችም። ምላጩን ከመስታወቱ ጋር አስተኝታ ወፍራሙን ቆርጣ ሳበችው፤ እንደ አሮጌ መቀነት ተጎልጉሎ ወጣ። ሙጭጭ ያለውን ቅሪት የቀለም ማቅጠኛ በነካ ጨርቅ ሸፍና ጠበቀች። ሲለዝብላት በሳሙና ውኃ አርጥባ ፋቀችው። ወይ ጉድ፣ የጣታቸው አሻራ ሳይቀር አብሮ ተጠቀለለ።

መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። ለካስ የያዙት፣ መስታወቱን ባቀፈው እንጨት ዙሪያ የተመቱ ትንንሽ ሚስማሮች ኖረዋል፤ ያን ሁሉ ዘመን ሻጋታው ሸፍኗቸው ልብ ያላቸው አልነበረም። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ ያቀረቀረው ሁሉ ቀና አለ።

"በይ እንግዲህ፣ አዲሱን ልቀባው" አሉ ጋሽ በሪሁን፣ እጃቸውን ወደ ሲሊኮኑ ቱቦ ሰደድ አድርገው።

ይታይሽ ቱቦውን ወደ ራሷ ሳበች። "ገና አልጨረስኩም። አንድ ጥግ ቀርታኛለች።"

"የቷ?"

"እርስዎ የተደገፉባት። ቀስ ብለው ይነሱ፣ ጋሼ፤ ቤቱ አይወድቅም።"